ዓመቱ የቆመ ብር

ማርትሬዛ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ዓመቱን ነው። የምኖርበት ለቡ መብራት ኃይል አዲስ ሰፈር ነው፤ በየቁም ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚገኘው ብር ግን አሮጌ ነው። ከአንኮበር፣ ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ መጥቶ እዚህ ደርሷል። አንዲት ጎረቤቴ በቅርቡ የእናታቸውን ሦስት ማርትሬዛ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ 1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት አይደለም?» አሉኝ። «እትዬ፣ ዓመቱን ለጊዜው ይተዉትና ብሩ ላይ ያለችውን ሴት ትከሻ እንይ» አልኳቸው። አጉሊ መነጽሩን ስሰጣቸው ትንሽ ሳቁ። ከደቂቃ በኋላ ግን የሴትዮዋን ጌጥ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነበር።

ዓመቱን መተው ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ስትሞት በስሟ የሚቀረጸው ብር በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ታምኖ ነበር። ነጋዴው የለመደውን መልክ እንጂ የወራሿን የዮሴፍን መልክ አልፈለገም። ስለዚህ በደቡብ ጀርመን የሚገኘው የጉንዝቡርግ መቅረጫ ቤት የሞተችውን ሴት መልክና የሞተችበትን ዓመት እንደያዘ መቅረጹን ቀጠለ። ጉንዝቡርግ በ1805 ወደ ባቫሪያ ሲዛወር ሥራው ለሌሎች ተላለፈ፤ ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኔዚያ፣ በኋላም ሮም፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም። ሁሉም 1780 ጻፉ። ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች፤ ዛሬም 1780 ትላለች። ስለዚህ የጎረቤቴ ሦስት ብሮች አንዱ ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊት፣ ሌላው በማይጨው ጦርነት ዋዜማ፣ ሦስተኛው ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ በኋላ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በሦስቱም ላይ የተጻፈው ግን አንድ ዓመት ነው።

 የብሩ ዘመን የሚነበበው ከዓመቱ ሳይሆን ከቀራጩ እጅ ነው።

አንድ ማርትሬዛ ሲገኝ ፊቱ በጣት ሳይነካ በዳሩ ተይዞ ወደ መስኮት ይዞራል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ስፋቱ አርባ ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ሴትዮዋ ከብሩ ላይ ብቅ ትላለች። ባለቤቷ ፍራንሲስ በ1765 ከሞተ በኋላ እስክትሞት ድረስ ጥቁር ለብሳ ነው የኖረችው፤ ቀራጩም ያንን የመበለት መሸፈኛ ከራሷ ጀርባ አውርዶ ትከሻዋ ላይ አሳርፎታል። ልብ ብሎ ላየው የጨርቁ እጥፋት ክብደት አለው፤ ቀጭን ሐር እንዳልሆነ ያስታውቃል። አገጯ ድርብ ነው። ቀራጩ አላቆነጃትም፤ አሥራ ስድስት ልጆች የወለደች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ያንን ሳይደብቅ ግርማ ሰጥቷታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ብዙ የአውሮፓ ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ለዘለዓለም የሠላሳ ዓመት ወጣት ሆነው ሲቀሩ፣ በሐበሻ ገበያ የታመነችው ሴት ግን የሸመገለች ናት።

ከግንባሯ በላይ ዘውዳዊ ጌጥ አለ፣ በትንንሽ እንክብሎች የተሠራ። በትከሻዋ ላይ መሸፈኛውን የሚይዝ ክብ የልብስ መርፌ አለ፣ ዙሪያውን ሉል የተደረደረበት። ከደረቷ በታች ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፣ ኤስ እና ኤፍ፤ የጉንዝቡርግ መቅረጫ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መጀመሪያ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላም የፊደላቸው ምልክት በሮምና በለንደን ሲቀረጽ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች እንደጻፉት የኛ ሰዎች ብሩን የሚቀበሉት እነዚህን ሦስት ቦታዎች፣ የራስጌ ጌጡን፣ የትከሻውን መርፌና ከታች ያሉትን ፊደላት፣ አይተው ነው። እንክብሉ ካልተለየ፣ ፊደሉ ካልጠራ ብሩ ይመለስ ነበር። ብዙዎቹ መንገደኞች ይህን እንደ አጉል ግትርነት ነው የቆጠሩት። እኔ ግን የፍጹም ባለሙያ ዓይን ይመስለኛል። በገበያው ላይ የላቲን ፊደል የሚያነብ እምብዛም አልነበረም፤ ቅርጹን ግን ሁሉም ያነብ ነበር፤ የመረጧቸው ሦስቱ ቦታዎችም የዛሬ አጥኚዎች የሚመለከቷቸው ናቸው። ቪየና በእቴጌይቱ ዘመን የቀረጸቻቸው ብሮች ከታች የሌሎች ሹማምንት ፊደላት ነበሯቸው፤ እነሱ ገበያውን አልያዙም። ያሸነፉት ኤስ እና ኤፍ ናቸው።

ሁሉም አንድ መልክ ይዘው ሳለ ብሮቹ ለምን ይለያያሉ? የብር መቅረጫ ብረት ይደክማል። ስንት ሺህ ብር ከመታ በኋላ ጠርዙ ይለዝባል፣ ይሰነጠቃል፣ በአዲስ ይተካል። አዲሱን የሚቀርጸው ሰው የቀድሞውን ብር ፊት ለፊት አስቀምጦ ይገለብጣል። የዚህ ሰው ሥራ የራሱን ጥበብ መደበቅ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ መስሎ መገኘት። ነገር ግን ሉሉን ሲቀርጽ አንዷ ትቀራለች ወይም ትጨመራለች፣ ወይም ክብ የነበረው ወደ ሞላላ ያዘነብላል። በጀርባው ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያጋልጠዋል፤ በክንፉና በጅራቱ ላይ ያሉት ላባዎች ብዛታቸውና አቀማመጣቸው ከመቅረጫ ቤት መቅረጫ ቤት ይለያያል። ፊትን ሁሉም ተጠንቅቆ ይገለብጣል፤ ጅራትን ግን በችኮላ ነው። ስለዚህ ስመለከት ከኋላ ነው የምጀምረው፣ ከንስሩ ጅራት። ከዚያ ወደ ጋሻው እወጣለሁ፤ የኦስትሪያ፣ የሀንጋሪ፣ የቦሔሚያ፣ የቡርጉንዲና የቡርጋው ምልክቶች በትንሽዬ ሜዳ ተጨናንቀዋል። ጉንዝቡርግ ያለችው በቡርጋው ግዛት ስለነበር ነው የዚያች ትንሽ አገር ምልክት እስከ ጎጃም ገበያ የደረሰው። ከዓመቱ አጠገብ ደግሞ የተጋደመ መስቀል አለ፤ አንዳንድ ሰው የሃይማኖት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ከ1750 ጀምሮ የብሩ መጠን ሲለወጥ ያንን ለማሳወቅ የገባ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ፖለቲካ የገባበት አንድ ዘመን አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ወረራውን ሲያዘጋጅ ወታደርና ግመል ነጂ፣ ሥንቅና መንገድ የሚከፈልበት ማርትሬዛ እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። ከኦስትሪያ መንግሥት መብቱን አገኘ፤ መቅረጫ ብረቱም ከቪየና ወደ ሮም ሄደ። መብቱ ለሃያ አምስት ዓመት ነበር። ለንደንና ፓሪስ ግን ንግዳቸው እንዳይቆም የራሳቸውን መቅረጫ ብረት ሠርተው መቅረጽ ጀመሩ። ውጤቱ ለሰብሳቢ ሀብት ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ የተለያዩ እጆች አንዲትን ሴት ቀርጸዋል። የጦርነቱ ብር ሲገለበጥ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው ፊቱ ጠፍጠፍ ያለ ሆኖ ይታያል። የሮሙ መብት ጊዜ ካለፈ በኋላ ቪየና በ1961 እንደገና ጀመረች። እነዚህ የኋላዎቹ ሥራቸው ጥርት ያለ ነው፤ ለእኔ ግን ጥንቃቄያቸው ትንሽ የበዛ ነው፤ የመሸፈኛው እጥፋት በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል።

የብሩ ሦስተኛ ገጽ ዳሩ ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም። በዳሩ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ቃል ከፍ ብሎ ተቀርጿል፣ በመካከሉ የሐረግ ጌጥ ያለው። የእቴጌይቱ መመሪያ ነበር። ሥራው ግን የጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከዳሩ ትንሽ ቢፋቅ ወይም ቢሸረፍ ፊደሉ ወዲያው ይጎድላል፣ ሌብነቱ ይታወቃል። ሐሰተኛ ብር አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ነው። በሻጋታ የተፈሰሰ ብር የአየር ቀዳዳ ጥቃቅን ነጥቦች ይኖሩታል፤ የዳሩ ፊደል ይለዝባል፤ ሻጋታው የተገጣጠመበት መስመርም ብዙ ጊዜ በዳሩ ላይ ይቀራል። እውነተኛው በድንጋይ ላይ ሲጣል የሚሰጠው ድምፅ ረጅምና ጥርት ያለ ነው፤ በገበያ ሽማግሌዎች ዘንድ ይህ ሙከራ ከአጉሊ መነጽር በፊት የነበረ ነው።

ብዙዎቹ ማርትሬዛዎች ግን እንደ ገንዘብ አልቀሩም። በአንጥረኛ እጅ ገቡ፤ አንባርና አልቦ፣ የአንገት መስቀልና የጸጉር ወለባ ሆኑ። በዚህ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ብሩ ሳይቀልጥ የተሠራው መስቀል ነው። አንጥረኛው ብሩን በሙሉ ሳያጠፋ በመጋዝና በሞረድ መስቀል አድርጎ ቆርጦታል፤ ሲገለበጥ በመስቀሉ እምብርት ላይ የመሸፈኛው እጥፋት፣ የንስሩ ክንፍ ይታያል። እንዲህ ያለ መስቀል የያዘ ሰው ሁለት ባለሙያ በአንድ ገጽ ላይ አለው፤ አንዱ የሩቅ አገር ቀራጭ፣ ሌላው ስሙ ያልተጻፈ የኢትዮጵያ አንጥረኛ። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን «የተበላሸ ማርትሬዛ» ይሉታል። እኔ እንዲህ ያለ አባባል አልወድም። የብሩን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሳያስብ አይቆርጥም፤ ያ አንጥረኛ የትኛው እጥፋት የት ላይ እንደሚውል አስቦበታል።

ዐፄ ምኒልክ ይህን የባዕድ ብር በራሳቸው ለመተካት የተነሡት በ1885 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ የወጣው በየካቲት ወር 1893 እ.ኤ.አ. ነበር። ብሩ የተቀረጸው ፓሪስ ነው። የማርትሬዛን ያህል እንዲታመን ሚዛኑ 28.075 ግራም ሆነ፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር፤ ስፋቱ አርባ ሚሊ ሜትር። በአንድ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው ዘውድ የደፋ መስቀል የያዘ አንበሳ። በዙሪያው ያሉት የግእዝ ፊደላት ለፈረንሳዮቹ እንግዳ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ቢሆንም ብሩ ላይ የአንገታቸው ቅጥነትና የእግራቸው አቀማመጥ የተስተካከለ ነው። ብራናችንን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ካልነበረ በቀር እንዲህ አይወጣም ብዬ እገምታለሁ።

የምኒልክን ብር ለመለየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው የአንበሳው እግር ነው። የመጀመሪያዎቹ ብሮች፣ በግእዝ ቍጥር ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱ የተጻፈባቸው፣ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ያነሣል፤ የኋላዎቹ፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ ያላቸው፣ የቀኙን። ግራና ቀኝ ሲባል የአንበሳው ግራና ቀኝ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ተመልካቹ የራሱን ግራ ይዞ ሲሟገት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛው እጅግ ትንሽ ነው፣ በአንበሳው በኩል ያሉት የመቅረጫ ቤቱ ምልክቶች። ቀድመው በተቀረጹት ላይ ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ የፓሪስ ምልክት የሆነው ኤ ፊደል፣ ከዚያም መጥረቢያ የታሰረበት የበትር ጥቅል አለ። በኋላ በተቀረጹት ላይ ኤ ፊደሉ ወጥቶ የበትሩ ጥቅል በችቦ ተተክቷል። ምክንያቱ አገራችን ውስጥ አይደለም። የፓሪስ መቅረጫ ቤት ዋና ቀራጭ የነበረው ላግራንዥ ምልክቱ የበትር ጥቅል ነበር፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ስፍራውን የተረከበው ፓቴ ምልክቱ ችቦ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተቀረጸውን ብር ኋላ ከተቀረጸው የሚለየው ምልክት የመጣው ሁለት ፈረንሳውያን ቀራጮች በመተካካታቸው ነው። ምልክቱ ከሌለውስ? ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ምልክት የሌለው ገንዘብ የተቀረጸው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ከተማችን የራሷ መቅረጫ ካገኘች በኋላ። ሰዎች ምልክት ሲጠፋ ሐሰተኛ ነው ብለው ይጠራጠራሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ባዶው ቦታ የትውልድ ማስረጃ ነው።

የምኒልክ ብር ማርትሬዛን ከገበያ አላስወጣትም፤ ከከተማ ርቆ ሲሄድ ሰው የለመዳትን ሴት ይጠይቅ ነበር። ግን ልማዷን ወረሰ። ትንሿ ግርሽ ፲፰፻፺፭ የሚል ዓመት ይዛ ተቀረጸች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም፣ ልጅ ኢያሱ ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠውም፣ ያው ዓመት እንደተጻፈባት ወጣች። ገበያው የለመደውን ዓመት መለወጥ የፈለገ የለም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የመጣውም እንዲሁ ነው። ማርትሬዛ በ1937 ዓ.ም. በአዲሱ የገንዘብ አዋጅ ከሕጋዊ መገበያያነት ስትወጣ የጃንሆይ ሳንቲሞች ቦታዋን ያዙ፤ ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት አላቸው፣ በአንድ በኩል የጃንሆይ ገጽ፣ በሌላው አንበሳው። ይህ ዓመትም አልተንቀሳቀሰም። ከ1944 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በፊላደልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን እየተቀረጸ ቀጠለ፤ የጃንሆይ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ማለት ነው። ስሙኒው ግን ራሱን ያስታውቃል። የመጀመሪያው ክብ ነበር፤ የኋላው ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመ ነው። የዕድሜ ባለጸጎች በጨለማ በጣታቸው ብቻ ይለዩት የነበረው ይህን ነው። ሃምሳ ሳንቲሙ በተቃራኒው አስቸጋሪ ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን ለኢትዮጵያ በብድር በሰጠችው ብር ተቀረጸ፤ መጀመሪያ ከሺህ 800 እጁ ብር ነበር፣ በኋላ 700 ሆነ። ገጹ፣ ዓመቱ፣ ክብደቱ አንድ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ይቆማል፤ ይህን የሚለየው የብር መርማሪ እንጂ አጉሊ መነጽር አይደለም። ብዙ የሚመኩ ሰብሳቢዎች በዚህ ሳንቲም ፊት ዝም ሲሉ ማየት ደስ ይለኛል።

ከእነዚህ ሁሉ ርካሹና ቅርቡ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። የደርግ ሳንቲሞች ሁሉ ፲፱፻፷፱ ይላሉ። አንድ ሳንቲሟ አሉሚኒየም ሆና በሬ የጠመደ ገበሬ አላት፤ አሥር ሳንቲሟ ናስ ሆና የደጋ አጋዘን ይዛለች። ገና ልጅ ሳለን ምን ያህል ጊዜ በጣታችን እንዳሸናቸው! የፊታቸው የአንበሳ ራስ ግን አንድ አይደለም። በአገጩ ሥር ያሉትን ጸጉሮች ይመልከቱ። በአንዳንዱ ላይ ከግራ በኩል ሁለቱ ረዝመው ወደ ዓመቱ ይጠጋሉ፤ በሌላው ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ምክንያቱ እንደ ማርትሬዛው ነው፤ አንድ ንድፍ፣ ከአንድ በላይ መቅረጫ ቤት። ዓመቱም ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው ወደ ፲፱፻፺፮ የተሻገረው።

ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ ከቦርሳቸው የሳንቲም ማስቀመጫ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ገለበጡ፤ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር ድምፅ ይሰማ ነበር። ማርትሬዛን ወደ ደጋው ካስገቡት በሮች አንዱ ወደሆነው ጅቡቲ ነው የሚሄደው። ረጅሙ የአገጭ ጸጉር ያለበትን አንበሳ ሦስት አገኙ፤ አንዱን ለልጅ ልጃቸው አስቀመጡ። ከሦስቱ ማርትሬዛ መካከል ደግሞ የአንዱ ንስር ጅራት ከሌሎቹ ሁለት ይለያል፤ ላባዎቹ ሰፋ ብለው ይወርዳሉ፣ የትከሻዋ ሉሎችም ከሌሎቹ ይጠራሉ፤ መሸፈኛዋ ግን ለስልሶ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ እንደተመላለሰ ያስታውቃል። የትኛው መቅረጫ ቤት እንደሆነ በዚያው ቀን አልወሰንኩም፤ የዳሩን ፊደል በብርሃን ማየት ይቀረኛል፤ በሚዛንም ላኖረው ይገባል።